ያልተሰበረው እግሬ

የወደቅሁት ኅዳር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። የነቢያት ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ሽንቴ ቀስቅሶኝ ብድግ አልኩ፤ መብራቱን ሳላበራ ሁለት እርምጃ እንደ ሄድኩ ቤቱ ዞረብኝ። የምንጣፉ ጠርዝ ጣቴን ሲይዘኝ ትዝ ይለኛል፤ ከዚያ ሲሚንቶው። ትልቅ ድምፅ አልነበረም። ደረቅ ጭራሮ ጉልበት ላይ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ነው። ከራሴ ገላ የወጣ መሆኑን ያወቅሁት ልነሣ ስሞክር ነው።

67 ዓመቴ ነበር። 37 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ፤ ቤቴ ሽሮ ሜዳ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። ስብራቱን ሐኪም በጥቂት ሰዓት አበጀው። ሊገድለኝ የደረሰው ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ የመጣውም በልጆቼ እጅ፣ በጎረቤቶቼ አጥሚት፣ በራሴም እሺታ ነው።

ሲነጋ ቤቱ በጎረቤት ሞላ። «ወለምታ ነው» ያለ ነበረ፤ «ጸበል ይቅደም» ያለም ነበረ። ወንድ ልጄ ግራ ሲገባው በሰፈሩ የታወቁትን ወጌሻ አስጠራ። ሽማግሌው ገብተው ከእግርጌዬ ቆሙና ሁለቱን ተረከዞቼን አስተያዩ። ቀኝ እግሬ ከግራው አጥሯል፤ ጣቶቹም ወደ ውጭ ዞረው ተጋድመዋል። እጃቸውን እንኳ ሳያሳርፉብኝ «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ አሁኑኑ ሆስፒታል አድርሷቸው» አሉ። ስብራቱ ላይ ጠብቆ ታስሮ፣ ደሙ ተቋርጦበት እጁን ወይም እግሩን ያጣ ሰው በአገራችን ጥቂት አይደለም። ስለዚህ እኚያን ሰው በጸሎቴ አልረሳቸውም፤ የሚያውቁትን ያህል የማያውቁትንም ለይተው ያወቁ ባለሙያ ነበሩ።

የተሰበረው የጭኔ አጥንት አንገት ነው። የአጥንቱ ራስ ደሙን የሚያገኘው በዚያች በቀጭኗ አንገት በኩል ስለሆነ፣ አንገቷ ተሰብራ ስትንሸራተት ራሱ ደም ይጠማዋል፤ በእኔ ዕድሜ ብዙ ጊዜ አውጥተው በብረት ይተኩታል። በወደቅሁ በአራተኛው ቀን እንደዚያ አደረጉልኝ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሁለት ሌሊቶች እናቴን አየኋት። ካረፈች 30 ዓመት ያለፋት እናቴ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ክንዴ ላይ የተሰካውን ግሉኮስ ነቅዬ ልከተላት ስነሣ ያዙኝ። ልጆቼ «እማዬ አእምሮዋ ሄደ» ብለው ኮሪደሩ ላይ ተላቀሱ። ነገሩን የያዘችው አንዲት የሌሊት ነርስ ናት። «መነጽር ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው። መነጽሬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቦርሳዬ የልጄ መኪና ውስጥ ነበር። አምጥተው አደረጉልኝ፤ ነርሷ መጋረጃውን ከፈተች፤ ልጄ እጄን ይዞ ስለ ቤት፣ ስለ ውሻችን፣ ስለ ዕለቱ ቀን አወራኝ፤ ውኃ አጠጡኝ፤ ሌሊቱን እንዳይቀሰቅሱኝ ተነገራቸው። በሦስተኛው ቀን እናቴ ሄደች። ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ያረጀ ሰው ከቀዶ ሕክምና፣ ከሕመም፣ ከእንቅልፍ ማጣትና ከውኃ እጥረት በኋላ እንዲህ ይሆናል፤ እብደትም ዛርም አይደለም። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ምን ያህል እንደሚሰቃይ ስላየሁ ነው እዚህ የጻፍኩት።

ሐኪሙ ገና በቀዶ ሕክምናው ማግሥት እንድቆም አዞ ነበር። ሁለት ሰዎች ደግፈው አቆሙኝ፤ ጮኽኩ። ጩኸቴን የሰማ ልጄ «እባካችሁ ተዉአት፣ ትረፍ» ብሎ ለመነ። እኔም ትረፍ መባሉን ወደድኩት። ስንወጣ የተሰጠን ወረቀት ላይ በየቀኑ በድጋፍ እንድራመድ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ከደረሰኞቹ ጋር ታጥፎ መሳቢያ ውስጥ ገባ። ማንም አልከፈተውም። እኔ እንግሊዝኛ ማንበብ የማያቅተኝ ሴት፣ አምጡልኝ አላልኩም።

ከዚያ ሰባት ሳምንት ተኛሁ።

እንዴት ያለ ፍቅር ነበር! ዕድርተኛው በተራ ይመጣል። አጥሚት፣ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ በየሳህኑ። የቤት አጋዤ ፀጉሬን ታበጥራለች፣ በማንኪያ ታጎርሰኛለች፤ እጄ ደኅና መሆኑን ሁላችንም ረስተነዋል። ትራሴን ላስተካክል ስንቀሳቀስ ሦስት ሰው ይነሣል፤ «እረ እትዬ፣ እንዳይነቃነቁ!» ሽንቴን በመጥበሻ መሳይ ዕቃ፣ ሰገራዬን በጨርቅ። ባሌን ስቀብር ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አልቅሻለሁ፤ የ19 ዓመት ልጅ ገላዬን ስትጠርግ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞር ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ከወገቤ ሥር ያለው ቆዳ ተላጠ። ቀድሞ የተሰማን ሽታው ነው። ደረቴም ይከረከር ጀመር፤ ሳል መጣ፤ ምግብ ጠላሁ። የዕድራችን ሊቀመንበር ሊጠይቁኝ ገቡ፤ በዕድሜ ይበልጡኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ታላቅ ሲገባ «ኖር» ብዬ ብድግ ስል የኖርኩ ሰው፣ ያን ዕለት ብድግ ማለት አቃተኝ። «ኖር» አልኩ ከትራሱ ላይ፤ ድምፄ ብቻ ተነሣ። «በእግዜር፣ በእግዜር፣ አይነሡ» አሉኝ ለወጉ። ለወግ የሚባለው ቃል እውነት ሆኖብኝ ሰማሁት። ያን ሌሊት ጌታዬን እንዲወስደኝ ለመንኩት፤ ከልቤ ነበር የለመንኩት።

ዳሌው ተሰብሮ ከተኛ አረጋዊ መካከል ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ያህል ዓመቱን ሳይጨርስ ይሞታል። አብዛኛውን የሚገድለው አጥንቱ አይደለም፤ ከመተኛት የሚመጣው የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የአልጋ ቁስል፣ የሰውነት መመናመን ነው። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ግማሽ ያህሉን ሄጃለሁ።

ቁስሉን ልታጥብ የመጣች ነርስ ናት አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያየኝ አጥብቃ የተናገረች። ጥምቀት ካለፈ በኋላ መጣ፤ 30 ዓመት የማይሞላው ቀጭን ልጅ። ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር። ሰላም ካለ በኋላ ብርድ ልብሱን እንድገልጥ ፈቃድ ጠየቀኝ። ልጄ ወደ ቀኜ እያመለከተ «የተሰበረው ይሄኛው ነው» አለው። እሱ ግን ግራ እግሬን ነው የያዘው። ከጉልበቴ በላይ ጭኔን በሁለት እጁ ሲጨብጠው ጣቶቹ ሊገናኙ ጥቂት ቀራቸው። ከቦርሳው የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣና ሁለቱንም ለካ። ቀኙ 34 ሳንቲ ሜትር፤ ግራው 35።

«እማማ፣ ይሄኛውን እግርዎን ምን ነካው?»

«እሱማ ምንም አልሆነ፤ ደኅናው ነው።»

«ደኅናው ይሄ ነው?»

ቤቱ ዝም አለ። ልጄ ቀርቦ አየ። እኔም ከሰባት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልተሰበረውን እግሬን አየሁት። ማንም ያልመታው፣ ምንም ያልወደቀበት እግር ነው። ቆዳው ተሸብሽቦ ከአጥንቱ ላይ እንደ ሰፊ ሱሪ ተንጠልጥሏል። የተሰበረውን ስንጠብቅ ጤነኛውን በቁሙ ቀብረነዋል። እያንዳንዱን «አይነሡ» አስታወስኩ።

ልጁ ያን ዕለት የነገረኝን በኋላ ራሴ ፈልጌ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ አምስት የ20 ዓመት ጎረምሶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲውሉ እንዲያድሩ ተደረገ። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች ጎልማሳ ሆነው ደግመው መረመሯቸው። የሦስቱ ሳምንት መተኛት የሰውነታቸውን ዐቅም የጎዳው 30 ዓመት ዕድሜ ከጎዳው በልጦ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በእኔ ዕድሜ ያሉ ጤነኞች 10 ቀን ብቻ ተኝተው፣ ከእግሮቻቸው ብቻ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ አጥተዋል። 10 ቀን! እኔ ወደ 50 ቀን ተኝቻለሁ፤ ያውም ቁስል እያለብኝ፣ ያውም በአጥሚት።

በጥቁር ሰሌዳ ላይ የጡንቻን ሥዕል በየዓመቱ ስዬ አስተምሬያለሁ። ጡንቻ ሲጫኑት ይገነባል፣ ሲተዉት ይፈርሳል። አጥንትም እንዲሁ ነው፤ በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ክብደት ሲሰማቸው ይገነባሉ፣ ክብደት ሲያጡ ያፈርሳሉ። ለልጆች አርባ ጊዜ ያልኩት ነገር ነው። ለራሴ ገላ ሲሆን ግን እርጅና ሌላ ሕግ ያለው መስሎኝ ኖርኩ።

እውነቱን ለመናገር ውድቀቴ የጀመረው ኅዳር 22 ሌሊት አይደለም። 2005 ዓ.ም. ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ነው። እስከዚያ ድረስ ወደ ትምህርት ቤት ዳገቱን በእግሬ እወጣ ነበር፤ ቀኑን በቆምኩበት አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ዘንቢል ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ እንጀራዬን ራሴ እጋግራለሁ። ጡረታ በወጣሁ ወር ልጆቼ ተሰበሰቡና «እማዬ፣ እስከዛሬ ደክመሽልናል፤ አሁን ዕረፊ» አሉኝ። አጋዥ ቀጠሩልኝ። ቴሌቪዥኑን መኝታ ቤት አስገቡልኝ። ቤተ ክርስቲያን በመኪና ያደርሱኛል። ወግ ማዕረግ ነው፤ ልጅ አሳድጎ ይህን ያላገኘ ስንት አለ። እኔም ለጎረቤት እያወራሁ ኮራሁበት። በሰባት ዓመት ውስጥ ያነሣሁት ከባድ ነገር ቢኖር ጀበና ነው።

እናቴ «እርጅና ብቻህን ና» ትል ነበር። ከነጓዝህ አትምጣ፣ በሽታውን፣ ጉስቁልናውን ይዘህብኝ አትምጣ ማለቷ ነው። አሁን ሳስበው እርጅና ይዞት የሚመጣ ጓዝ አለው፤ ሴት ስታርጥ አጥንቷ መሳሳቱ፣ ከዓመት ዓመት ጡንቻ መቀነሱ የማይቀር ነው። ግን ግማሹን ጓዝ እኔ ነኝ በር ከፍቼ ያስገባሁት። እርጅና ብቻውን ሊመጣ ሲል እኔ መቀመጥን አስከተልኩለት።

ከመስኮቴ እንጦጦን የሚወርዱት ጭራሮ ተሸካሚ ሴቶች ይታዩኛል። ከእነሱ መካከል የእኔ እኩያ አለች፤ ከእኔም የምትበልጥ አለች። ድሮ ሳያቸው የማስበው ድህነታቸውን ብቻ ነበር። ያ ሸክም ጤና ነው ለማለት አይደለም፤ ከዐቅም በላይ የሆነ ጭነት አከርካሪ ያጎብጣል፣ ጉልበት ይበላል፤ ማንም እናት እንዲያ መኖር አልነበረባትም። ግን በእነሱ ሸክምና በእኔ ባዶ እጅ መካከል ሰፊ ቦታ ነበረ። ልጆቼ ከዚያ ሸክም ሊያድኑኝ ሲሉ ወደ ሌላው ጫፍ ወሰዱኝ።

የፊዚዮቴራፒው ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣ ጀመር። የመጀመሪያው ሥራ ከአልጋው ጠርዝ ላይ እግርን አውርዶ መቀመጥ ነው። ደም ግፊቴን ተኝቼ ለካው፣ ቆሜ ለካው፤ ስቆም ክፉኛ ወረደ። ያን ሌሊት ቤቱ ለምን እንደ ዞረብኝ ያን ጊዜ ገባኝ። በጾሙ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ ሳልቀምስ የግፊት መድኃኒቴን በባዶ ሆዴ እወስድ ነበር። መድኃኒቱ ጥፋተኛ አይደለም፤ ግፊቴ ሳይታከም ቢቀር ኖሮ ምናልባት ዛሬ በስትሮክ እጄ ታጥፎ ነበር። ሐኪሜ መጠኑንና ሰዓቱን አስተካከለልኝ፤ እኔም ከአልጋ ስነሣ መጀመሪያ ተቀምጬ እስከ 30 እቆጥራለሁ። መብራቱ አሁን ከራስጌዬ ነው። ምንጣፎቹን ለሰው ሰጥቻለሁ።

ከዚያ ዎከር የሚባለውን መደገፊያ ይዞ መቆም፣ ከዚያ ወንበር። ወንበሩ ጠላቴ ሆነ። «እማማ፣ እጅዎን ደረትዎ ላይ ያጣምሩና ይነሡ» ይላል። አልችልም። ገላዬ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ጭኖቼ ይንቀጠቀጣሉ፣ መቀመጫዬ ግን ከወንበሩ አይላቀቅም። በ30 ሰኮንድ ውስጥ ያለ እጅ ድጋፍ ስንት ጊዜ እንደምነሣ ሊቆጥር ሰዓቱን ይዞ ቆሟል፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ከ11 ካነሰች ለመውደቅ ቅርብ ናት ይባላል። የእኔ ቁጥር ዜሮ ነበር። በደብተሩ ላይ ዜሮን ሲጽፍ አየሁት፤ ተማሪዎቼ ላይ ስንት ጊዜ የጻፍኩት ቁጥር ነው፣ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ወንበሩ ላይ ፍራሽ ደራርቦ ከፍ አደረገልኝ። ከከፍታው መነሣት ቻልኩ። በየሳምንቱ አንድ ንጣፍ ያወጣል። ሕመሙን አልደብቅም፤ ላቡ በጀርባዬ ይወርዳል፣ ሌሊት ጭኔ ይነድዳል። እሱ ግን የመገንባትን ሕመም ከመጎዳት ሕመም ለይቼ እንዳውቅ አስተማረኝ፤ የመጀመሪያው ጡንቻው ውስጥ ተዘርግቶ በሁለት ቀን የሚጠፋ ነው፣ ሁለተኛው መገጣጠሚያ ላይ ስል ሆኖ የሚወጋ። ሁለተኛው ሲመጣ እናቆማለን፤ ለመጀመሪያው አናቆምም።

የዕድሩን ሊቀመንበር ታሪክ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝና «ከዛሬ ጀምሮ ወደዚህ ክፍል ለሚገባ ሁሉ ኖር ብለው ይነሣሉ፤ ሕፃንም ቢሆን» አለ። የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ ይህን ሰማች። በሩን ከፍታ ትገባለች፤ «ኖር» እላለሁ፣ ዎከሬን ይዤ እነሣለሁ። «በእግዜር!» ትልና እየሳቀች ትወጣለች። ወዲያው ተመልሳ ትገባለች። አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ በቀን። አባቷ «አያትሽን አታድክሚ» ሲላት እኔ ነኝ «ተዋት» ያልኩት። «ተቀመጪ» ያላለኝ አንድ ሰው በቤቱ ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

ምግቡ ሌላ ትግል ነው። ቁስል የሚሽረው፣ ጡንቻ የሚገነባው በፕሮቲን ነው፤ ሰውነት ከሳህኑ ካጣው ከራሱ ጡንቻ ይወስዳል። ለአረጋዊ በየቀኑ ቢያንስ ለእያንዳንዱ ኪሎው አንድ ግራም፣ ቁስል ካለበት ከዚያም በላይ ይመከራል። እኔ 49 ኪሎ ወርጄ ነበርና 50 ግራሙ ከየት ይምጣ? አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ይህን አያደርስም። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል አለው፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ስምንት። ዐቢይ ጾም ሲቃረብ የንስሐ አባቴ መጡ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጾም ገድፌ አላውቅም። «ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ እስኪሽርሽ ወተቱንም እንቁላሉንም ውሰጂ፤ መነሣትሽ ስግደትሽ ነው» አሉኝ። ፈቃዳቸውን ይዤም ቢሆን ወተቱን የጠጣሁት የጎረቤት ዓይን እንዳያየኝ ጓዳ ገብቼ ነው፤ እንባዬ ከብርጭቆው ገብቷል። ቁስሉ በስድስት ሳምንት ደረቀ።

ዛሬ ጾሜን እጾማለሁ። ግን ጾም ማለት በርበሬና ጎመን ብቻ አለመሆኑን ተምሬ ነው። ምስር፣ ሽሮ፣ የባቄላ ፉል፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ ከገበታዬ አይጠፉም። አያቶቻችን ጥራጥሬውን ለጾም ያበዙት በከንቱ አልነበረም። ጨው ቀነስኩ፣ ለግፊቱ። ጠዋት ጠዋት ክንዴን ገልጬ በረንዳ ላይ ፀሐይ እሞቃለሁ፤ በዚህ ፀሐይ በሞላበት አገር ቤት ዘግቼ ተቀምጬ የቫይታሚን ዲ እጥረት ተገኝቶብኝ ነበር።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ሴት ልጄ መምጣት ስላልቻለች በየሰዉ እጅ ክኒን ትልክልኝ ነበር። እርጅናን ያዘገያሉ የተባሉ ስምንት ጠርሙሶች ከራስጌዬ ተደረደሩ። በስልክ ታለቅሳለች፣ «እማዬ ዋጪው» ትለኛለች። ሌሊት ተነሥታ የምትሠራ ልጅ ከጉሮሮዋ ነጥቃ የገዛችው ስለሆነ አንዱንም በእጄ ስይዘው አቅልዬ አልያዝኩትም። ሳስተምረው የኖርኩት ትምህርት ነውና ግን ስለ እያንዳንዱ አነበብኩ። ከቀይ ወይን ልጣጭ የሚገኘው ሪዝቬራትሮል አንድ ሰሞን ዓለምን አስጨብጭቦ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ ትልቅ መድኃኒት አምራች ይህን ምርምር የያዘውን ኩባንያ በ720 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶ ነበር፤ የሰውን ዕድሜ ማርዘሙ ግን አልታየም። ከሁሉ የገረመኝ ራፓማይሲን ነው፤ ራፓ ኑይ ከምትባል የሩቅ ደሴት አፈር ውስጥ የተገኘ፣ ኩላሊት ለተተከለላቸው ሰዎች የሚሰጥ መድኃኒት። እ.ኤ.አ. በ2009 ለ600 ቀን አይጦች፣ በሰው ዕድሜ ወደ 60 ለሚሆናቸው፣ ሲሰጥ ዕድሜያቸው ረዘመ። ይህን ሳነብ ልቤ እንደ ወጣት መምህርት ዘለለ። ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም መድኃኒት ነው፤ ጤነኛ አረጋዊን በዚያ ማከም ገና በምርምር ላይ ያለ ነገር ነው።

ያን ሰሞን ካነበብኩት አልጋዬ ድረስ የመጣልኝ ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ቦስተን ውስጥ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ፣ በአረጋውያን መኖሪያ የሚጦሩ 10 ደካሞች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ቀላል ክብደት አይደለም፤ ለየዐቅማቸው ከባድ የሚባለውን ነው። የእግራቸው ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ሁለቱ ያለ ምርኩዝ መሄድ ቻሉ። ለልጄ ደወልኩላት። «ከእንግዲህ ክኒኑን ተይው፣ እግሬ ላይ የሚታሰር የክብደት ከረጢት ላኪልኝ» አልኳት። እሱ እስኪመጣ አጋዤ ካልሲ ውስጥ አሸዋ ሞልታ ሰፋችልኝ። ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ ውኃ ሞልቼ በሁለት እጄ ማንሣት ጀመርኩ።

መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ አዲስ አበባ መገኘቱ ተነገረ። ልጁ መምጣት አቆመ፤ እኔን ሊያስይዘኝ ፈርቶ ነው። ዕድሩ አይሰበሰብም፣ ቡናው የለም፣ ቤተ ክርስቲያን በሩቅ። የተኛሁባቸው ሰባት ሳምንታት ሊደገሙ መስሎኝ ፈራሁ። በስልክ ግን በየሁለት ቀኑ ይደውላል። ስልኩን ቡፌው ላይ አቆማለሁ፣ ወንበሬን ግድግዳ አስደግፋለሁ፣ እሱ ከዚያ ይቆጥራል። ሦስት። አምስት። ግንቦት ላይ ሰባት። አንዳንድ ቀን መልሶ አራት። ሰኔ 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ አሥራ ሁለት አለ። ደገመው፤ «እማማ፣ አሥራ ሁለት!» ድምፁ ተቆረጠ፤ ኔትወርኩ መስሎኝ ነበር።

አሁን 72 ዓመቴ ነው። ዳገት ላይ ከዘራ እይዛለሁ፤ ብርድ ሲሆን ብረቱ ያለበት ቦታ ይጠዘጥዘኛል። ቀኝ ጭኔ 38፣ ግራው 39 ተኩል ሳንቲ ሜትር ነው፤ በየወሩ መጀመሪያ እለካዋለሁ። እንጀራዬን ራሴ እጋግራለሁ። ልጄ ይህን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል፤ ምጣዱ ጋ ሲያየኝ አሁንም እጁ ሊነጥቀኝ ይነሣና መልሶ ይወርዳል።

ባለፈው ጥቅምት ከእኛ በላይ ያሉት ጎረቤቴ ወደቁ፤ 80 አልፏቸዋል። ቀዶ ሕክምናውን ጨርሰው ቤታቸው ከገቡ ሁለተኛ ሳምንታቸው ነበር። ዳገቱን ቀስ ብዬ ወጥቼ ገባሁ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ አጥሚቱ ይሸታል። ሴቶች ልጆቻቸው ዙሪያቸውን ከብበው ትራስ ያስተካክላሉ፣ በማንኪያ ያጎርሷቸዋል፤ ዓይናቸው ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። እሳቸው ሲያዩኝ «ኖር» አሉኝ ከትራሱ ላይ።

«በእግዜር» ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ትንሽ አወራን። ከዚያ ብርድ ልብሱን እንዲገልጡልኝ ልጆቹን ለመንኳቸው።

«የተሰበረው ቀኙ ነው» አለችኝ ትልቋ።

«አውቃለሁ ልጄ፤ ግራውን አሳይኝ።»